ሠዓሊው መርቆሬዎስ፤ ከቬኒስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ የእጅ ጥበበኛ ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ አዲ አርቃይ ሲደርስ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ሲያቀና፣ የሚጓዘው በጥንታዊ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ነው። ነጋዴው ዝባዱን፣ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ምጽዋ ይወርድበት ነበር፤ መነኩሴውም በትሩንና ቅሉን ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ይሄድበት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር ሲወጣ አዲ አርቃይ ላይ ያደረው በዚሁ መንገድ ሲጓዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ እንዲሁም በብዙ ምእመናን ቤት ግድግዳ ላይ፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ሥዕል ይገኛል። ሕፃኑን ጌታችንን ታቅፋዋለች። አብዛኛውን ጊዜ የታቀፈችው በግራ ክንዷ ነው። ሴት አያቶቻችን ጧትና ማታ በፊቱ ሲሰግዱ፣ ሕፃናትም ሲሳለሙት፣ በየትኛው ክንድ እንደ ተቀመጠ ማንም አይጠይቅም። ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት ግን አንድ ሠዓሊ ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አስቀምጦ በመሳሉ ብርቱ ሁከት ተነሥቶ እንደ ነበር ሲነገር ኖሯል። ያ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮኔ ይባላል። የአገራችን ሰው መርቆሬዎስ ብሎ ጠርቶታል። የተወለደባት ከተማ ቬኒስ ናት።

የሰውየውን ሕይወት ለመረዳት አስቀድሞ ከተማዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ቬኒስ በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ በባሕር ዳር ረግረግ መካከል፣ በትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የሚታረስ መሬት አልነበራትም፤ ስንዴ እንኳ በመርከብ ይመጣላት ነበር። ስለዚህ ሕዝቧ እርሻውን ባሕር ላይ አደረገ። ዶጅ የሚባል በምርጫ የሚሾም አለቃ ነበራት፤ እርሱም ንጉሥ አልነበረም፣ የነጋዴዎቹ መኳንንት ምክር ቤት ሥልጣኑን በየጊዜው ይገድብበት ነበር። አርሰናል በተባለው ታላቅ የመርከብ መሥሪያዋ የእንጨት ጠራቢው፣ የሸራ ሰፊውና የገመድ ገማጁ ሥራ በሥርዓት ተከፋፍሎ ይከናወን ነበር። መንግሥት ያሠራቸው ታላላቅ መርከቦች በየዓመቱ ለነጋዴዎች በጨረታ እየተከራዩ በአንድነት ተሰልፈው ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ቁስጥንጥንያ ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሐርና ዕጣን ያመጣሉ። በ1291 እሳት ከተማዋን እንዳያቃጥል በማለት የመስታወት እቶኖቿን ሁሉ ሙራኖ ወደምትባል ደሴት አዛወረች፤ የሙራኖ መስታወት እስከ ዛሬ ስሙ የታወቀ ነው።

ይህች ከተማ ከእኛ አገር ጋር የምትገናኝበት አንድ ገመድ አለ፤ እርሱም ቅዱስ ማርቆስ ወንጌላዊ ነው። የእስክንድርያ መንበር የማርቆስ መንበር ነው፤ ቅዱስ ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ጵጵስናን የተቀበለው ከዚያ መንበር ነው። በ828 ደግሞ ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የወንጌላዊውን ዐፅም ከእስክንድርያ በስውር ወደ ከተማቸው አጓዙት። የከተማዋ ትውፊት እንደሚለው የጉምሩክ ሹሞች እንዳይፈትሹት በአሳማ ሥጋ ሸፍነውት ነበር። ቬኒስ ከዚያ ወዲህ የማርቆስን አንበሳ በሰንደቋ ላይ አደረገች፤ ታላቁን ቤተ ክርስቲያኗንም በስሙ ሠራች። ድርጊቱ በእርሷ ዘንድ እንደ ጀግንነት ቢቆጠርም በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ ስርቆት እንደ ነበረ እኛ ካቶሊካውያን ልንሸፍነው አይገባንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1968 ከዐፅሙ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ አደረጉ፤ በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። በ1204 የቬኒስ መርከቦች የመስቀል ጦረኞችን ጭነው ወደ ቁስጥንጥንያ ወስደው ያቺ የክርስቲያን ከተማ በክርስቲያኖች እጅ መዘረፏም እንዲሁ የማይካድ ነው። ከተማዋ አማኝ ነበረች፣ ነጋዴም ነበረች፤ ሁለቱ ባሕርዮቿ ሁልጊዜ አልተስማሙም።

ከኢትዮጵያ ወደ ቬኒስ የተላኩ ሰዎችም ነበሩ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በአንቶኒዮ ባርቶሊ በተባለ የፍሎረንስ ሰው መሪነት 4 ነብሮችን ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ነብሮቹን የከተማው ሕዝብ እንዴት ባለ መደነቅ እንደ ተመለከታቸው መገመት አያስቸግርም። መልእክተኞቹ የፈለጉት የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ንዋየ ቅድሳትንና የእጅ ባለሙያዎችንም ይፈልጉ ነበር፣ ሲመለሱም ጥቂት ባለሙያዎች አብረዋቸው ተጉዘዋል። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በቬኒስ አጠገብ በምትገኝ በቅዱስ ሚካኤል ደሴት ገዳም ተቀምጦ ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ስለ አማራ፣ ስለ ሸዋ፣ ስለ ጎጃምና ስለ ዓባይ የጻፈውን ያገኘው ከአገሩ ተወላጆች ነው፤ ወንዙንና ተራራውን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ መስክሯል። ያ ካርታ ዛሬም በቬኒስ ይታያል።

እንግዲህ ኒኮሎ በ1460 ገደማ እንደ ተወለደ ሲገመት፣ የተወለደው ኢትዮጵያ ለጆሮ እንግዳ ባልሆነችበት ከተማ ነበር። ሙያው ሥዕል ነው። በቬኒስ ሥዕል እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ ደንብ የነበረው ሙያ ነበር፤ የሠዓሊዎቹ ማኅበር ደንብ የተጻፈው በ1271 ነው። ብላቴናው በመምህሩ ቤት ተቀምጦ ሳንቃ መላግ፣ በሳንቃው ላይ ጄሶ መለሰን፣ ቀለም መውቀጥ፣ ቀለሙን በእንቁላል አስኳል መለወስና የወርቅ ቅጠል መለጠፍ ይማራል። ፊትና እጅ መሣል የሚፈቀድለት ዘግይቶ ነው። በዚያ ዘመን ቬኒስ ታላላቅ ሠዓሊዎችን ያፈራች ቢሆንም፣ ሊቃውንቱ ሥራዎቹን መርምረው ኒኮሎን ከእነዚያ ተርታ አያስቀምጡትም። ልከኛ ባለሙያ ነበር። በአገሩ ቢቀር ኖሮ በአንድ ትንሽ አጥቢያ ግድግዳ ላይ ሥራው ተረስቶ ይቀር ይሆናል።

የኒኮሎን ስም የመዘገበልን ፍራንቸስኮ ሱሪያኖ የተባለ ፍራንቸስካዊ ካህን ነው። እርሱም የቬኒስ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ ወደ እስክንድርያ በመርከብ ሄዶ ንግድ የጀመረ፣ በኋላ ግን ንግዱን ትቶ የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ልብስ የለበሰ ሰው ነው። በቅድስት አገር ሲያገለግል ከኢትዮጵያ የተመለሰ አንድ ወንድም የነገረውን ጽፎ አስቀርቷል። በዚያ መዝገብ መሠረት በ1480ዎቹ መጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወደ 10 የሚጠጉ ኢጣልያውያን ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ መምህር ኒኮሎ ብራንካሌዮኔ የቬኒስ ሰው ነው። ሰዎቹ ስለ አመጣጣቸው ሲጠየቁ የከበረ ድንጋይ ፍለጋ መምጣታቸውን፣ ሆኖም ንጉሡ ሊያሰናብታቸው እንዳልፈቀደ ተናግረዋል። ርስትና ደመወዝ ነበራቸው፤ መውጫ ግን አልነበራቸውም።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ልማድ እንደ እስራት ቆጥረውታል። በሌላ በኩል ስናየው፣ ባሕሩን ሌሎች ለያዙበት፣ የእጅ ባለሙያ ለማምጣት መልእክተኛ ልኮ ዓመታትን ለሚጠብቅ መንግሥት፣ አንድ ሠዓሊ ወይም አንድ ግንበኛ እጅ ከገባ በኋላ መልቀቅ ከባድ ነበር። የተሰናበተ እንግዳ የአገሩን በርና ምሽግ ለጠላት ሊናገር ይችላል የሚል ሥጋትም ይኖራል። ቢሆንም ሰው ሰው ነውና እናቱንና ደወሉን የሚሰማባትን ደብር ይናፍቃል። ፔሮ ዳ ኮቪላ የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ በዐፄ እስክንድር ዘመን ማብቂያ ላይ መጥቶ ንጉሡ ሊያሰናብተው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ነገር ግን ዐፄ እስክንድር በ1494 ዐረፉ፣ ዐፄ ናዖድም ከዚያም ዐፄ ልብነ ድንግል አልፈቀዱለትም። ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ በዚሁ ቀረ። ኒኮሎም እንዲሁ በሦስት ነገሥታት ዘመን፣ ከ40 ዓመት ላላነሰ ጊዜ በኢትዮጵያ ኖረ።

የመጣበት ዘመን ለሥዕል አመቺም አስጊም ነበር። ከእርሱ አንድ ትውልድ በፊት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ለሥዕሏም እንዲሰገድ አዝዘው ነበር። ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከባድ ስደትና ሞት ተቀብለዋል። ስለዚህ በኒኮሎ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል የግድግዳ ጌጥ አልነበረም። ሰው ሞቶበታል። እያንዳንዱ ጣት፣ እያንዳንዱ ቀለም ትምህርተ ሃይማኖት ሆኖ ይነበብ ነበር። ይህን የማያውቅ እንግዳ ብሩሹን ይዞ በዚህ መካከል ገባ።

አትሮንሰ ማርያም ዐፄ በእደ ማርያም በአማራ ምድር ያሠሩት የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኒኮሎ በዚያ እመቤታችንን ሕፃኑን ታቅፋ ሣላት። እንደ ለመደውም ሕፃኑን በግራ ክንዷ ላይ አስቀመጠው። በአገሩ ይህ የሚያስነቅፍ አልነበረም። ቬኒስ በምትገዛት በቀርጤስ ደሴት የነበሩት የግሪክ ሠዓሊዎች እመቤታችንን መንገድ መሪ ብለው የሚሥሉበት ጥንታዊ መልክ ሕፃኑን በግራ ክንዷ አድርጎ በቀኝ እጇ ወደ እርሱ ስትጠቁም ያሳያታል፤ ቀኝ እጇ ነጻ የሆነው ለልጇ ለመመስከር ነው። የደጋ እናቶቻችንም ልጅ ሲያጠቡ በግራ ክንዳቸው ደግፈው በቀኛቸው ሥራቸውን እንደሚሠሩ ሁላችንም አይተናል።

ሕዝቡ ግን ሥዕሉን በሌላ ዓይን አነበበው። በእኛ ዘንድ ግራ እጅ ለማዕድ አይቀርብም፤ እንጀራ በግራ አይቆረስም፤ ለታላቅ ሰው በግራ መስጠት ስድብ ነው። ግራ ገባኝ የሚለው ንግግራችን እንኳ ስለ ግራ ያለንን ስሜት ያሳያል። በመጨረሻው ፍርድ ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥኣን በግራ እንደሚቆሙ ወንጌል አስተምሮናል። እንግዲህ ይህ እንግዳ፣ ይህ ፈረንጅ፣ የዓለምን ጌታ በተናቀው ወገን ላይ አስቀመጠው፤ ሕዝቡም ተቆጣ፣ ሥዕሉ እንዲጠፋ ጠየቀ። እንደ ትውፊቱ ንጉሡ ከሠዓሊው ጋር ቆሙ፤ ሥዕሉም ከጥፋት ዳነ።

ይህን ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ሕዝቡን አላዋቂ፣ ሠዓሊውን ብልህ አድርገው ያቀርቡታል። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ሕዝቡ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ለጌታ የሚገባው ክብር በሥዕሉ ውስጥ አለን? የሚል ነው። ሠዓሊውም የክብር ጉድለት በልቡ አልነበረም። አንዱ የሌላውን የእጅ ቋንቋ አያውቅም ነበር። በመካከላቸው ቆሞ የሚያስረዳ መምህር ቢኖር ኖሮ ቁጣው ወደ ትምህርት ይለወጥ ነበር። ዛሬም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሌላ አገር የታተሙ ትንንሽ የቅዱሳን ሥዕሎችን ለሕፃናት ሲያድሉ፣ ሕፃኑ በሥዕሉ ላይ የሚያነበውና መምህሩ የሚያስበው አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳያልፉ ወንድማዊ ማሳሰቢያ ላቅርብ። እኔ ራሴ አንዲት አሮጊት እናት ከውጭ በመጣ ሥዕል ላይ የተገለጠ ራስ ያላትን ቅድስት አይተው ነጠላዋስ የት ሄደ ብለው ሲጠይቁኝ መልስ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ሁከት በኋላ ሠዓሊው ብሩሹን አልጣለም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በተሠራ የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ብዙ ሥዕል ሣለ፤ ስሙንም በሥዕሎቹ ላይ ጻፈ። ይህም የትውልድ አገሩ ልማድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አይጽፍም፣ ሥራው ጸሎት ስለሆነ። በጎጃም በዋፋ ኢየሱስና በጌቴሴማኒ ማርያም፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ የእርሱ ወይም የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ሠዓሊዎች ናቸው ተብለው ሊቃውንት የሚመሰክሩላቸው ሥዕሎች ይገኛሉ። እነዚህን ያየ ሰው ሁለት አገር በአንድ ሳንቃ ላይ ሲገናኝ ያያል። የልብሱ እጥፋት የኢጣልያ ነው፤ የሕፃኑ ለስላሳ ገላ፣ የእናቲቱ ዘንበል ያለ አንገት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በፈረስ ላይ የተቀመጡት ሰማዕታት፣ ፊት ለፊት የሚመለከቱት ታላላቅ ዓይኖች ግን ከዚህ አገር የተማራቸው ናቸው። እጁ ቀስ በቀስ ተለወጠ ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ የአገር ሠዓሊዎችም ከእርሱ ወሰዱ፤ እነርሱ ወስደው የራሳቸው አደረጉት እንጂ ገልባጭ ብቻ አልሆኑም።

ስሙም ተለወጠ። ኒኮሎ የሚለው ቀርቶ መርቆሬዎስ ተባለ። መርቆሬዎስ በእኛ ዘንድ በፈረስ ተቀምጦ ከሓዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን በጦር ሲወጋ የሚሣለው ሰማዕት ነው፤ ሠዓሊው ራሱ ደጋግሞ ከሚሥላቸው ፈረሰኞች የአንዱን ስም መያዙ ደስ ያሰኛል። አንድ ካቶሊካዊ ምእመን፣ የራሱ ሥርዓት ካህን ዘወትር በማያገኝበት አገር፣ በግእዝ ቅዳሴ እያስቀደሰ፣ በአገሩ ጾም እየጾመ አርጅቷል። ስለ ሃይማኖቱ ከማን ጋር እንደ ተከራከረ ከማጥናት ይልቅ ይህን የ40 ዓመት ጽናት ማሰብ ይሻለኛል። ብሩስ በመጽሐፉ የጠቀሰው ከመነኩሴ ጋር የተከራከረ የቬኒስ ሠዓሊ፣ በመጀመሪያ ስሙም በዘመኑም ከኛው ሰው ጋር ባይገጥምም፣ የብራንካሌዮኔ ዝና እስከ ጎንደር ዘመን ድረስ በአፍ ሲተላለፍ እንደ ኖረ ያሳያል።

መርቆሬዎስ ባረጀበት ወራት ዓለም ተገለበጠች። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ደረሰ። የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ የሚገዙትን በርበሬ ፖርቱጋላውያን ከምንጩ መጫን ጀመሩ፤ ወሬው ቬኒስ ሲደርስ ከተማዋ በሐዘን ተዋጠች። የከተማዋ ሀብት ወዲያው አልጠፋም፤ ነገር ግን የምሥራቅ ንግድ በር በአንዲት ከተማ እጅ የነበረበት ዘመን አለፈ። በኢትዮጵያም እቴጌ እሌኒ ዘመኑን አስተውለው ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ ገቡ፤ ከእነርሱም ጋር ካህኑ ፍራንቸስኮ አልቫሬዝ ነበረ።

ፖርቱጋላውያኑ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር አንድ አረጋዊ ቬኒሳዊ አገኙ። የሁለቱ አገሮች ነጋዴዎች በባሕር ላይ ባላንጣዎች ነበሩ፤ እዚህ ግን አረጋዊው የአገሩን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ፣ ለእንግዶቹም የሚያዩትን የሚያስረዳ ወዳጅ ሆነላቸው። አልቫሬዝ በመጽሐፉ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እጅግ የተከበረ ሰው መሆኑን መስክሯል፤ የሥዕል ባለሙያ እንዲህ መከበሩ እንደ አስደነቀው ከአጻጻፉ ይታወቃል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስሙን ያነበበው፣ የአገሩ ሰው መርቆሬዎስ ብሎ እንደሚጠራውም የነገረን እርሱ ነው። መልእክተኞቹ በ1526 ሲመለሱ ሠዓሊው አብሮ አልሄደም። የአልቫሬዝ መጽሐፍ በ1540 በሊዝቦን ታተመ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ራሙዚዮ የተባለው ሊቅ በኢጣልያንኛ ተርጉሞ በቬኒስ አሳተመው። እንዲህ ሆኖ የኒኮሎ ስም፣ እርሱ ራሱ ሳይመለስ፣ ወደ ተወለደባት ከተማ ተመለሰ። በዚያው ዘመን አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው ወደ ከተማው የሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እያስቀመጠ ከአገራቸው እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ በየቀኑ ጉዞ ይመዘግብ ነበር። ከነዚያ መነኮሳት መካከል መርቆሬዎስን ያየ ይኖር ይሆን? ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ እደነቃለሁ።

በ1529 በሽምብራ ቆሬ ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፉ። በ1531 ጦሩ ወደ አማራ ምድር ዘለቀ፤ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም ተቃጠሉ። በወርቅና በሐር ያጌጡት እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ሲነዱ የአርባ ዓመት ሥራም አብሮ ነደደ። ከመርቆሬዎስ ሥራ ዛሬ የቀረው በሩቅ የገጠር አጥቢያዎች ተሸሽጎ የተረፈው ጥቂቱ ነው።

በአትሮንሰ ማርያም ሁከት ያስነሣው የግራ ክንድ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በሮም በታላቋ በቅድስት ማርያም ባዚሊካ ያለው ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ በቀኝ እጁ ሲባርክ ያሳያል። ኢየሱሳውያን ካህናት ከ1569 ወዲህ የዚህን ሥዕል ቅጂ በዓለም ሁሉ ሲያሠራጩ ወደ ኢትዮጵያም አመጡት። በአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ጊዜ በትዕግሥት የተጀመረው ሥራ በኋላ በንጉሥ ትእዛዝና በግዴታ ሲካሄድ ደም አፈሰሰ፤ ይህ የእኛም ሐዘን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋናቸውን ለቀቁ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አስወጡ፣ በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። ካህናቱ ተባረሩ። ይዘውት የመጡት የእመቤታችን ሥዕል ግን አልተባረረም።

የጎንደር ሠዓሊዎች ያንን መልክ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ካባዋን በጎንደር ወይዛዝርት ልብስ ጥለት አስጌጡት፤ ሁለቱን መላእክት ሰይፍ መዝዘው በግራና በቀኝ አቆሙአቸው፤ ምስለ ፍቁር ወልዳም ብለው ጠሩት። በአንድ ወቅት ይጥፋ የተባለው አቀማመጥ ከቤተ መንግሥት እስከ ገጠር አጥቢያ፣ ከጣና ደሴቶች እስከ ሰሜን ተራሮች፣ ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሆነ። በካቶሊካውያንም በኦርቶዶክሳውያንም ቤት ያለው እርሱ ነው። ከሕፃኑ ክንድ በታች፣ በሥዕሉ ግርጌ፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል፤ በአጠገቡም የተማኅፀነው ሰው ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። የሠዓሊው ስም ግን፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።